ሲሄድ ከሃዲ፣ ሲመለስ ከንቱ

«ቫን ፐርሲ ከሃዲ ነው!»

የተካደው ማን ነው? አርሴናል በ2004 ሆላንዳዊውን ልጅ ከፌይኖርድ ሲያመጣው የከፈለው 2.75 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። በ2012 ለማንቸስተር ዩናይትድ ሲሸጠው የተቀበለው 24 ሚሊዮን ነው። በመሃሉ ስምንት ዓመት አጫውቶታል፤ 132 ጎል አስቆጥሮለታል። ወይፈን ገዝቶ፣ ስምንት ዓመት አርሶበት፣ በዘጠኝ እጥፍ ገደማ ሸጦ ሲያበቃ በሬውን «ከዳኸኝ» የሚል ገበሬ ማንኩሳ ገበያ ላይ ታይቶ አይታወቅም።

ይህን የምጽፈው ለአርሴናል ደጋፊ ብቻ አይደለም። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ በአስፋልቱ ግራና ቀኝ ኳስ በሚታይበት ቤት ሁሉ፣ ሁለት ስድቦች አንድ አግዳሚ ላይ ተጎራብተው ይቀመጣሉ። አንዱ ክለብ ለለወጠ ፈረንጅ የሚወረወረው «ከሃዲ» ነው። ሌላው ውጭ ተጫውቶ ለተመለሰ የራሳችን ልጅ የሚወረወረው «አልሆነለትም» ነው። ሁለቱም የኳስ ተጫዋችን ሥራ ካለማወቅ የመጡ ናቸውና ለሁለቱም መልስ አለኝ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ።

«ግን እኮ ዋንጫ ፍለጋ ነው የሄደው!»

ታዲያ ኳስ ተጫዋች ምን ፍለጋ ይሂድ? አርሴናል ከ2005ቱ የኤፍኤ ዋንጫ ወዲህ አንድም አላነሳም ነበር። ልጁ 29 ሊሞላው ነው፤ ውሉ አንድ ዓመት ቀርቶታል። በ2011/12 ሠላሳ የሊግ ጎል አግብቶ የእንግሊዝ ኮከብ ጎል አግቢ ሆኗል። ክለቡ ያንን ክረምት ባይሸጠው በቀጣዩ ዓመት በነፃ ይሄድበት ነበር፤ ስለዚህ ሸጠው። ሁለቱም የየራሳቸውን ሒሳብ ሠሩ። ዩናይትድ ገብቶ በመጀመሪያው ዓመት 26 የሊግ ጎል አገባ። ሚያዝያ 22 ቀን 2013 አስቶን ቪላ ላይ ሦስት አግብቶ የክለቡን 20ኛ የሊግ ዋንጫ አረጋገጠ። በስድስተኛው ቀን ወደ ድሮ ሜዳው ኤምሬትስ ሲመጣ የአርሴናል ተጫዋቾች ግራና ቀኝ ተሰልፈው ለሻምፒዮኑ ቡድን አጨበጨቡ። አብረውት የለፉት የልምምድ ጓደኞቹ እጃቸውን ካነሱለት፣ አሥር ዓመት አልፎም ማንኩሳ ላይ ቂሙን የምንጠብቅለት ለማን ብለን ነው?

የደጋፊውን ቁስል አልክድም። ያን ልጅ አርሴናል ብዙ ታግሶታል። በኅዳር 2009 ለአገሩ ከጣሊያን ጋር የወዳጅነት ጨዋታ ሲጫወት ቁርጭምጭሚቱ ተጎድቶ ወራት ተቀመጠ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ጉዳት ሲያመላልሰው አሠልጣኙ ቬንገር ጠበቁት። ሰላሳ ስምንቱንም የሊግ ጨዋታ የተሰለፈው በስምንተኛው ዓመት ብቻ ነው፤ ሠላሳውን ጎል ያገባውም በዚያው ዓመት ነው። ይህን «ጠበቁት» የሚለውን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ራሳችን ልጆች ስንመጣ ያስፈልገኛል።

«ክለብ የሚቀያይር ሰው ፍቅር የለውም!»

ለክላረንስ ሴዶርፍ ይህን ንገሩት። በ1995 ከአያክስ፣ በ1998 ከሪያል ማድሪድ፣ በ2003 እና በ2007 ከሚላን ጋር የአውሮፓን ሻምፒዮንስ ሊግ አንስቷል። ሦስት ክለብ፣ አራት ዋንጫ። የትኛውን ነው ያልወደደው? ከቤታችን ምሳሌ ካስፈለጋችሁም፣ በመላው ኢትዮጵያ ስሙ የገነነው የማንኩሳ ልጅ የፍቅር እስከ መቃብሩ በዛብህ ነው። እሱም ለትምህርት ብሎ ከማንኩሳ ወጣ፤ ማንኩሳ ግን እስከ ዛሬ «ልጃችን» ትለዋለች። ለመጽሐፍ ልጅ የሰጣችሁትን ለኳስ ልጅ አትንፈጉት።

«እሺ፣ ሆላንዶቹ ይሂዱ፤ ይሆንላቸዋል። ሀበሻ ግን ውጭ አይሆንለትም። ሄዶ ሄዶ ይመለሳል።»

እዚህ ላይ ምላሴ ይረዝማል።

ዴኒስ ቤርካምፕን የማያውቅ አርሴናላዊ የለም። በ1993 ከአያክስ ወደ ኢንተር ሚላን ሄደ። በሁለት ዓመት 52 የሊግ ጨዋታ ተሰልፎ ያገባው 11 ጎል ነው። የጣሊያን ጋዜጦች ተሳለቁበት። ያኔ እንደኛ ቢሆኑ ኖሮ ሆላንዶቹም «አልሆነለትም» ብለው ዘግተውት ነበር። በ1995 ለንደን ገባ፤ 11 ዓመት ቆየ፤ ሦስት የሊግ ዋንጫ አነሳ፤ ዛሬ ከኤምሬትስ ስታዲየም ውጭ ሐውልቱ ቆሟል። አንድ አገር ላይ ያልሆነለት ሰው ሌላ አገር ይሆንለታል። አሠልጣኙ፣ አጨዋወቱ፣ ቋንቋው፣ ጉልበቱ፣ ዕድሜው ሲገጣጠሙ ነው ተጫዋች የሚሳካለት።

ይህንን ይዛችሁ ወደ ጋቶች ፓኖም ኑ። የጋምቤላው ልጅ ከኢትዮጵያ ቡና ተነስቶ በ2017 ሩሲያ፣ ዳግስታን ድረስ ሄዶ ለአንዢ ማካችካላ ፈረመ። ብርዱ፣ ቋንቋው፣ ብቸኝነቱ ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ የክለቡም ገንዘብ ተሟጦ የድሮ ኮከቦቹ ተበትነው ነበር። ሳይገፋበት ሲመለስ «ይኸው!» ተባለ። ይኸው ምን? እዚያ ቀድሞት ሄዶ መንገዱን ያሳየው የአገሩ ሰው አልነበረም። የሆላንድ ልጅ እንግሊዝ ሲገባ ከፊቱ ሃምሳ የአገሩ ልጅ አልፏል፤ ቤት የሚያገኝለት፣ ሐኪም የሚያሳየው፣ ውሉን የሚያነብለት ሰው አለው። ጋቶች ብቻውን ገብቶ ብቻውን ወጣ። በኋላም አልተቀመጠም፤ ግብፅ ሄዶ ተጫወተ። ለመሆኑ «ይኸው!» ካላችሁት መካከል ይህን የሰማ ስንት ነው?

«ሳላዲን ሰዒድ? ያ ፍጹም ቅጣት ምት የሳተው?»

አዎ፣ እሱ ነው። ጥር 21 ቀን 2013፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ኔልስፕሩይት፣ ከዛምቢያ ጋር። በረኛው ኬኔዲ ምዊኒ ያዘበት። አሁን እኔ ልጠይቅ፦ እዚያ ሜዳ ያደረሳችሁ ማን ነው? ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ነበር ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰችው። ካርቱም ላይ በሱዳን 5 ለ 3 ተሸንፈን፣ ጥቅምት 14 ቀን 2012 አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፈን ነው ያለፍነው። አንዱን አዳነ ግርማ አገባ። ሁለተኛውን ማን አገባ? ያው ሳላዲን። ያን ማታ አስፋልቱን ሞልታችሁ ስትጨፍሩ ስሙን ታውቁት ነበር።

ፍጹም ቅጣት ምት መሳት ውርደት ከሆነ ደግሞ የምታመልኳቸውን ሆላንዶች ልቁጠርላችሁ። ሰኔ 29 ቀን 2000፣ በገዛ አገራቸው አምስተርዳም ላይ፣ በአውሮፓ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ፣ አሥር ሰው ከቀረው የጣሊያን ቡድን ጋር ተጫወቱ። በመደበኛው ሰዓት ሁለት ፍጹም ቅጣት ምት አገኙ፤ ፍራንክ ደ ቡር ሳተ፣ ክላይቨርት ቋሚ መታ። መለያ ምት ላይ ደ ቡር ደግሞ ሳተ፣ ስታም ሳተ፣ ቦስቬልት ሳተ። ከስድስት ምት አንድ ብቻ ገባ። አምስት የሳተን አገር «የኳስ አገር» እያላችሁ አንድ የሳተን ወንድማችሁን በሳተው ብቻ ታስታውሱታላችሁ።

የሳላዲንን መንገድ እኔ ልንገራችሁ። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ወደ ግብፁ ዋዲ ደግላ ሄደ። የዋዲ ደግላ ባለቤት የቤልጅየሙን ሊርስንም ይዞት ስለነበር በዚያ በር ቤልጅየም ገብቶ ተጫወተ። በ2014 አል አህሊ አስፈረመው። አል አህሊ ማለት የአፍሪካን ሻምፒዮንስ ሊግ በማንሳት በአህጉሩ የሚደርስበት የሌለ ክለብ ነው። ከዚያም አልጄሪያ፣ ኤምሲ አልጀር። አውሮፓንም የሰሜን አፍሪካን ትልልቅ ክለቦችም ያየ አጥቂ በዘመናችን ኖሮን፣ ማልያውን ለብሶ ለፎቶ የቆመ ልጅ በአስፋልቱ ዳር አላየሁም። የቫን ፐርሲን ቁጥር 20 ግን አይቻለሁ።

«ግብፅ ደግሞ ውጭ ነው? እንግሊዝ ለምን አልገቡም?»

ስለማይፈቀድላቸው። ይህን ብዙ ሰው አያውቅምና ልዘርዝረው። እንግሊዝ ለአንድ የውጭ ተጫዋች የሥራ ፈቃድ የምትሰጠው ለዓመታት የአገሩን ብሔራዊ ቡድን ደረጃ እያየች ነበር። መጀመሪያ በፊፋ ሰንጠረዥ ከ70ኛ በላይ፣ ከ2015 ወዲህ ደግሞ ከ50ኛ በላይ ያለ አገር ልጅ መሆን ይጠይቅ ነበር፤ በዚያ ላይ ለአገሩ ብዙውን ጨዋታ የተሰለፈ። ኢትዮጵያ እዚያ ደረጃ ደርሳ አታውቅም። ቫን ፐርሲ ግን የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ስለሆነ ፈቃድ የሚባል ነገር አልተጠየቀም፤ ቦርሳውን ይዞ ገባ። የእኛ ልጅ ቢዋጣለትም በሩ ላይ ይመዘን የነበረው በብሔራዊ ቡድኑ ደረጃ ነው። እንግሊዞቹ በ2021 ሕጉን ወደ ነጥብ አሠራር ለውጠውታል፤ እዚያም ቢሆን ነጥቡ የሚገኘው ከአገርህ ደረጃና ከሊግህ ክብደት ነው።

«ሀበሻ አጭር ነው፤ ጉልበት የለውም!»

ዌስሊ ስናይደር ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ነው። በ2010 ከኢንተር ጋር የጣሊያንን ሊግ፣ የጣሊያንን ዋንጫና የአውሮፓን ሻምፒዮንስ ሊግ በአንድ ዓመት አነሳ። የሀበሻ ደም ለጉልበት አይሆንም ካላችሁ ደግሞ ቴዎዶር ገብረሥላሴን ተመልከቱ። አባቱ ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ እናቱ ቼክ ናቸው። ለቼክ ብሔራዊ ቡድን በመሰለፍ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ነው። ከ2012 እስከ 2021 በቨርደር ብሬመን ቀኝ ተመላላሽ ሆኖ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የጀርመን ክንፍ አጥቂዎችን ሲጋፋ ኖረ። ደሙ ያው ነው፤ ልዩነቱ በልጅነቱ የበላው፣ የተሠለጠነበት ሜዳና ከታች ጀምሮ የተከታተለው አሠልጣኝ ነው። እኛ ልጆቻችንን በካልሲ ኳስ፣ አዝመራ በተነሳበት ድንጋያማ ማሳ ላይ እያጫወትን ጥፋቱን በአጥንታቸው እናላክካለን።

«የኢትዮጵያዊን ስም ውጭ ማን ያውቀዋል?»

ኮልካታ ሂዱና ጠይቁ። ጥቅምት 12 ቀን 2014 የሕንድ ሱፐር ሊግ ሲጀመር፣ ሶልት ሌክ ስታዲየም በሰው ተሞልቶ፣ የሊጉን የመጀመሪያ ጎል ያገባው ፍቅሩ ተፈራ ነው፤ የአትሌቲኮ ደ ኮልካታ አጥቂ፣ ሙምባይ ሲቲ ላይ። ሊጉ እስካለ ድረስ የመጀመሪያው ስም የእሱ ነው። ከዚያ በፊት ደቡብ አፍሪካ ለኦርላንዶ ፓይሬትስና ለሱፐርስፖርት፣ ቼክ ሪፐብሊክ ለምላዳ ቦለስላቭ ተጫውቷል። ሕንዶች የሚያውቁትን እኛ ካላወቅን የማወቁ ዕዳ የእኛ ነው።

አንድ አባት ደግሞ እንዲህ አሉ፦ «እኔ የእነ መንግሥቱ ወርቁን፣ የእነ ሉቺያኖን ዘመን አውቃለሁ። የዛሬዎቹ ምን አላቸው?»

ጋሼ፣ ትዝታዎን አልነካም። ጥር 21 ቀን 1962 አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳንበት ቀን የአገር ኩራት ነው። ሁለት ጊዜ ተመርተው፣ በተክሌና በሉቺያኖ ቫሳሎ አቻ ሆነው፣ በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎና መንግሥቱ ጨረሱት። ግን ይፍረዱ፦ እነዚያ ጀግኖች በገዛ ከተማቸው፣ በገዛ ሕዝባቸው ፊት ነው የተጫወቱት። የዛሬዎቹ ያ ዕድል እየጠበበባቸው ምን እንዳደረጉ ልንገርዎት።

ሽመልስ በቀለ የሐዋሳ ልጅ ነው። ግብፅ ገብቶ በፔትሮጄት፣ ቀጥሎም በምስር ማቃሳ ዓመታት ኖረ። በእነዚያ ዓመታት አልተመለሰም፣ አልታመሰም፤ ዝም ብሎ ሠራ። እዚህ ያሉ ሁሉ «ማን ነበር እሱ?» ሲሉ እሱ በየሳምንቱ ሜዳ ላይ ነበር። ኅዳር 19 ቀን 2019 ባሕር ዳር መጣ። አይቮሪ ኮስት ገና በሦስተኛው ደቂቃ በሰርዥ ኦሪየር አገባችብን። ሱራፌል ዳኛቸው አቻ አደረገ፤ ሁለተኛውን ሽመልስ ጨመረ። 2 ለ 1! ማንኩሳ ማለዳ ተሳፍሮ ባሕር ዳር ጨዋታው ሳይጀመር የሚደርስ ሰው ያንን በዓይኑ ማየት ይችል ነበር። መጋቢት 24 ቀን 2021 በዚያው ሜዳ ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ስናሸንፍ አማኑኤል ገብረሚካኤል፣ ጌታነህ ከበደ፣ አቡበከር ናስርና ሽመልስ አንዳንድ ጎል አገቡ። ጌታነህን ልብ በሉልኝ፤ እሱም ደቡብ አፍሪካ በቢድቬስት ዊትስ ተጫውቶ «የተመለሰ» ነው። ተመልሶም ጎል ያገባል። በዚያ ውጤት ተደግፈን ነው ካሜሩን ላይ ወደተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ የሄድነው።

«አቡበከርስ? ሰንዳውንስ ሄዶ የት ጠፋ?»

አልጠፋም፤ ተጎዳ። በ2020/21 ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አግብቶ የዮርዳኖስ ዓባይን የ24 ጎል ክብረ ወሰን የሰበረ ልጅ ነው። በ2022 የአህጉሩ ሀብታም ከሚባሉት ክለቦች አንዱ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ወሰደው። ከዚያ ጉዳት ያዘው። አሁን ያንን ያዙልኝ ያልኳችሁን አምጡ። ቫን ፐርሲ ሙሉውን ዓመት ለመጫወት ስምንት ዓመት ፈጀበት፤ እናንተም ከቬንገር ጋር አብራችሁ ጠበቃችሁት። «ሮቢን ሲድን ታያላችሁ» እያላችሁ በየሳምንቱ ትከራከሩለት ነበር። ለሮተርዳሙ ልጅ ስምንት ዓመት የቆጠረ ሰው ለአገሩ ልጅ ሁለት ዓመት ሳይቆጥር «አለቀለት» አይበል። አልሰማም።

«ሆላንዳዊ ካልያዘው የእኛ ኳስ አይድንም» የሚልም አለ። ሆላንዳዊ መጥቶልን ነበር። ማርት ኖይ ቅዱስ ጊዮርጊስን አሠልጥኖ በ2017 ክለቡ የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ምድብ ውስጥ እንዲገባ አድርጓል፤ ከኢትዮጵያ ክለቦች የመጀመሪያው ነው። ሰውየውን አመሰግናለሁ። በዚያ ምድብ ከኤስፔራንስና ከሰንዳውንስ ጋር ሜዳ ገብተው የተጋፉት ግን የእኛ ልጆች ናቸው።

«ታዲያ ብሔራዊ ቡድኑን ለምን አናይም? ቫን ፐርሲንማ በየሳምንቱ አየነው።»

ለዚህ መልሱ ለተመልካቹ አይደለም፤ ለሌላ አካል ነው። ጥቅምት 9 ቀን 2021 ባሕር ዳር ላይ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ከተጫወትን በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን «ስታዲየሙ መስፈርት አያሟላም» ብሎ በሩን ዘጋ። ከዚያ ወዲህ ቡድናችን «የሜዳዬ» የሚለውን ጨዋታ በሰው አገር እየተከራየ ሲጫወት አየን። ሰኔ 9 ቀን 2022 ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፍን፤ ዳዋ ሆቴሳ አንድ፣ ሽመልስ በቀለ አንድ። ዓመታት በሊጋቸው ውስጥ የኖረው ሽመልስ በግብፆች ላይ ጎል አገባባቸው። የት? ማላዊ፣ ሊሎንግዌ። ጋሼ፣ የእርስዎ 4 ለ 2 አዲስ አበባ ላይ በንጉሡ ፊት ነበር። ይህኛውን ድል ከኢትዮጵያ ሕዝብ ስንቱ ነው ሜዳ ገብቶ ያጨበጨበለት?

ስለዚህ ለክልሉና ለፌዴሬሽኑ ኃላፊዎች ያለኝ ቃል ይህ ነው። ስለ ባሕር ዳሩ ስታዲየም «በቅርቡ ይጠናቀቃል» የሚለውን መልስ ሰምተናል፤ ደጋግመን ሰምተናል። እኛ የምንጠይቀው መቀመጫው፣ መልበሻ ክፍሉ፣ የመብራት ማማው መቼ እንደሚያልቅና ወጪውን ማን እንደሚችል በቀን ተቆርጦ እንዲነገረን ነው። ከሊሎንግዌ የሚደርሰን የስልክ ዜና ብቻ ነው። ከባሕር ዳር ግን በአውቶቡስ ሄደን፣ ልጆቻችንን ትከሻችን ላይ አውጥተን፣ «ያ ሽመልስ ነው፣ ያ አቡበከር ነው» ብለን በጣታችን እናሳያቸዋለን። ቀኑን ንገሩን።